ከመድኃኒቱ በፊት ማስተዋል ይቅደም

ባለፈው ዓመት ክረምት በምንሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ትንሽ ነገር ደረሰ። ትንሽ ማለታችን ከብጉንጅ ስለ ተነሣ ነው እንጂ ፍጻሜውስ ትንሽ አልነበረም። በዕድሜ ከእኛ እጅግ የሚበልጡ፥ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ማጅራታቸው ላይ እብጠት ወጣባቸው። የሸሚዛቸው ኮሌታ እየነካ ስላሠቃያቸው አንገታቸውን ወደ አንድ ወገን አዘንብለው ይሠሩ ጀመር። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ወደ ክፍላችን ገቡና፤ «እናንተ ልጆች የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ለዚህ ነገር ምን ይሻለኛል?» ብለው ጠየቁን።

እኛም የተማርን ነንና መልስ አላጣንም። በጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ፥ ቀደም ሲል ለጉሮሮ ሕመም ታዝዞልን ሳንጨርሰው የቀረ ስምንት ፍሬ አሞክሳሲሊን ነበረ። «ጋሼ፥ ይህን ጧትና ማታ ይዋጡት፤ ይለቅዎታል» አልናቸው። እሳቸውም መርቀውን ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ቀለል አለኝ አሉ። በዐምስተኛው ቀን ከሥራ ቀሩ። በሳምንቱ ልንጠይቃቸው ከቤታቸው ብንሄድ ትኩሳት እያንቀጠቀጣቸው፥ ማጅራታቸው ጨብጠው የያዙትን እጅ አክሎ፥ መግሉም በአንድ ሳይሆን በአራት በዐምስት ዐይን እየወጣ አገኘናቸው። ወዲያው ደግፈን ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ በመጀመሪያ የጠየቀው፤ «አባቴ፥ እስካሁን የወሰዱትን መድኃኒት ማን አዘዘልዎ?» ብሎ ነው። ጋሼ ዝም አሉ። ወደ እኛም ዘወር ብለው አላዩም። ያ ዝምታቸው ከማናቸውም ተግሣጽ ይልቅ ከበደን።

ሐኪሙ እብጠቱን በጥቶ መግሉን አፈሰሰ፤ ደማቸውንም አስመረመረ። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው የታወቀው በዚያን ቀን ነው። በእኛ ስምንት ፍሬ መድኃኒት ሥር ይህን የሚያህል ነገር ተሸፍኖ ኖሯል!

ዛሬ ስለ ቆዳ ምርቀዛ ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው ነው። ዓላማችንም ሰውን ሁሉ ሐኪም ለማድረግ አይደለም። ነገር ግን በዚህ ነገር የብዙዎቻችን ጥፋት፥ ይልቁንም ተማርን የምንለው የወጣቶቹ ጥፋት፥ መድኃኒት ማጣት ሳይሆን ሳይለዩ ማከም መሆኑን እናምናለን። ሕመሙን ሳይለዩ መድኃኒት መስጠት ደብዳቤውን ሳያነቡ መልስ እንደ መጻፍ ነው። የዚያ ዓይነት መልስ በመሥሪያ ቤት ምን እንደሚያስከትል አንባቢዎቻችን ያውቁታል፤ በሰው ገላ ላይ የሚያስከትለው ከዚያ የባሰ ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሣ። ቆዳ የሰውነት አጥር ነው። በአጥሩ ላይና በዙሪያው በዐይን የማይታዩ ብዙ ተሐዋስያን ይኖራሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. በስኮትላንድ፥ በአበርዲን ከተማ፥ አሌክሳንደር ኦግስተን የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከበሽተኞቹ እብጠት ያወጣውን መግል በማይክሮስኮፕ ሲመለከት እንደ ወይን ዘለላ የተከማቹ ክብ ክብ ነቁጦች አየ። በግሪክ ቋንቋ ከወይን ዘለላ ስም ተወስዶ ስታፊሎኮከስ የተባለው ይህ ተሐዋሲ ነው። እንደ ዶቃ በክር ተሰልፎ የሚታየው ሌላው ደግሞ ስትሬፕቶኮከስ ይባላል። በቆዳ ላይ መግል የሚይዙትና የሚመረቅዙት ቁስሎች አብዛኞቹ የእነዚህ የሁለቱ ሥራ ናቸው። ከዐሥር ጤነኛ ሰዎች መካከል ሦስቱ ያህል የመጀመሪያውን ተሐዋሲ በአፍንጫቸው ይዘውት ይኖራሉ፤ አጥሩ እስካልተደፈረ ድረስም ምንም አያደርጋቸውም።

አጥሩን የሚደፍረው ማነው? ያልጸዳ ምላጭ፥ እግር የላጠ አዲስ ጫማ፥ የቁንጫ ንክሻ፥ በእግር ጣቶች መካከል የሚወጣ ስንጥቅ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ የገዛ ጥፍራችን ነው። እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አልነሣም ይባላል። አባባሉ ለማጽናኛ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን መግሉ የሚገባው በዚያው ጥፍር በተከፈተ በር መሆኑን አይነግረንም።

በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚመጣው ምርቀዛ በሦስት መልክ ይታያል ብንል ከእውነት አንርቅም።

የመጀመሪያው ብጉንጅ ነው። ከአንዲት የጠጉር ሥር ይነሣል፤ ይጠጥራል፥ ያማል፥ ይሞቃል፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ አናቱ ነጣ ብሎ መግል ይቋጥራል። ብብት፥ ማጅራት፥ ጭንና መቀመጫ የሚወዳቸው ቦታዎች ናቸው። ብዙ ብጉንጆች ከሥር ተያይዘው ሲያብጡና በብዙ ዐይን ሲመግሉ፥ በጋሼ ማጅራት ላይ እንዳየነው፥ ነገሩ ከተራ ብጉንጅ አልፏል ማለት ነው። ብጉንጅ እየተመላለሰ የሚወጣበት ሰውም ስኳሩን ቢያስመረምር መልካም ነው።

ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በሕፃናት ላይ የሚታየውና ሐኪሞች ኢምፔቲጎ የሚሉት ነው። በአፍንጫና በአፍ ዙሪያ፥ በእጅና በእግር ላይ ትንንሽ ውኃ የቋጠሩ ነገሮች ይወጣሉ፤ ፈጥነው ይፈነዱና የደረቀ ማር የመሰለ ቅርፊት ይሠራሉ። ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፥ በፎጣና በልብስ ይተላለፋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የወጣ ጥናት በዓለም ላይ በአንድ ጊዜ 162 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ይህ ቁስል እንደሚኖርባቸው ገምቷል። የልጅ ቁስል ነው፥ ይደርቃል ተብሎ ብዙ ጊዜ ይናቃል። ነገር ግን መነሻው ስትሬፕቶኮከስ በሆነ ጊዜ፥ ቁስሉ ከዳነ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ኩላሊትን ሊያውክ ይችላል። የልጁ ፊት ጧት ጧት አብጦ፥ ሽንቱም እንደ ሻይ ጠቁሮ የታየ እንደ ሆነ እናቲቱ ያንን የተረሳ ቁስል ለሐኪሙ ማንሣት ይገባታል።

ሦስተኛው መግሉ ሳይሰበሰብ ከቆዳ ሥር እየተሠራጨ የሚሄደው ነው፤ ሐኪሞች ሴሉላይትስ ይሉታል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው አንዱን እግር ነው። እግሩ ያብጣል፥ ይሞቃል፥ ሲነኩት ያማል፤ በብሽሽት ውስጥም ንፍፊት ሊወጣ ይችላል። ይህን እቤት አስቀምጦ መሰንበት አይገባም። የቢሮ ሰው ከኪሱ በማይለየው እስክሪብቶ የእብጠቱን ዳርቻ ዙሪያውን ቢያሰምርበትና ሰዓቱን ቢጽፍበት፥ ሕመሙ ምን ያህል እንደ ገፋ ለሐኪሙ ከብዙ ንግግር ይልቅ ያስረዳለታል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። የተማርንባቸው መጻሕፍት ሁሉ የቆዳ ምርቀዛ ምልክቱ መቅላት ነው ይላሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ መጻሕፍት የተጻፉት በነጭ ቆዳ ላይ የሚታየውን እያዩ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ ቦታው ይልቁን ጠቆር፥ ወይም ወደ ሐምራዊ መለስ ይላል፤ አንዳንድ ጊዜም የመልክ ለውጡ ጭራሽ አይለይም። ቅላት የሚፈልግ ዐይን ምንም ሳያይ ይመለሳል። ስለዚህ በእኛ ገላ ላይ ከዐይን ይልቅ እጅ ይታመናል። በእጅ ጀርባ ሁለቱን እግሮች አፈራርቆ መዳሰስ፥ የትኛው እንደሚሞቅ፥ የትኛው እንደ ጠጠረ ማመዛዘን ነው። ለንደን ውስጥ በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ይማር የነበረ ማሎን ሙክዌንዴ የተባለ ተማሪ ይህንኑ ጉድለት አይቶ፥ የበሽታ ምልክቶች በጥቁር ቆዳ ላይ እንዴት እንደሚታዩ የሚያስረዳ መጽሐፍ ከመምህራኑ ጋራ አዘጋጅቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. አውጥቷል። ይህን ያደረገ ገና ተማሪ ሳለ መሆኑን ለተማሪ አንባቢዎቻችን ስንነግር ደስ ይለናል። የተማሩትን በገዛ ገላ ላይ አመሳክሮ ማየትም አንድ ትምህርት ነው።

ደግሞም በቆዳ ላይ የታየ ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ አይደለም። ጭርትና ቋቁቻ የፈንገስ ሥራ ናቸው። ምችና አልማዝ ባለጭራ የሚመጡት ከቫይረስ ነው። እከክ ደግሞ ቆዳ ውስጥ ከምትቆፍር፥ ከአቧራ ቅንጣት ከማትበልጥ ትንሽ ነፍሳት ይመጣል። ለእነዚህ አሞክሳሲሊን መዋጥ ገንዘብን ውኃ ውስጥ መጣል ነው። ሆኖም አንዱ ለሌላው በር ይከፍታል። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በአማራ ክልል እከክ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሰው ይዞ ነበር። መታጠቢያ ውኃ በታጣበት ቦታ ጥፍር ያቆሰለው ቆዳ መመርቀዙ የማይቀር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ እከኩን ትቶ መግሉን ብቻ ማከም፥ በሩን ክፍት ትቶ ሌባ እንደ ማሳደድ ይሆናል፤ እከኩም የሚለቀው በቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሮ ሲታከም ነው።

ከባክቴሪያ የሚመጡ፥ ግን የማያሙ በመሆናቸው የሚያታልሉ ሁለት ሌሎች ሕመሞች አሉ። አንደኛው የሥጋ ደዌ ነው። ገረጣ ያለ ቦታ በቆዳ ላይ ወጥቶ፥ በጥጥ ሲነኩት ወይም ሙቀት ሲያስጠጉት ካልተሰማው፥ ማሳየት ያስፈልጋል። ሕመሙ በመድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም ያለ ዋጋ ይሰጣል። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባው አለርት ለዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው። ሁለተኛው አባ ሰንጋ ነው። የሞተ ከብት ያረደ፥ የገፈፈ ወይም ቆዳውን የነካ ሰው፥ ከጥቂት ቀን በኋላ በእጁ ወይም በፊቱ ላይ ዙሪያው ያበጠ፥ መካከሉ እንደ ከሰል የጠቆረ፥ ግን የማያም ቁስል ቢወጣበት፥ አላመመኝም ብሎ ሳይዘገይ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ።

ሕመሙ ከተለየ በኋላ ሕክምናው እንደሚፈራው ውስብስብ አይደለም። ትንሽ ብጉንጅ የወጣበት ሰው ንጹሕ ጨርቅ በሚቻል ሙቅ ውኃ ነክሮ፥ ጨምቆ፥ ከዐሥር እስከ ዐሥራ ዐምስት ደቂቃ፥ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይያዝበት። እናቶቻችን ከጥንት ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ የዛሬ ሐኪምም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት እየቆጠርን መሳቢያችንን መክፈታችን ያሳዝናል። መግሉ ሲፈስ በሳሙና አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈንና እጅን መታጠብ ነው። በጣት መጭመቅ ግን ክልክል ነው፤ መግሉን ወደ ውስጥ ይገፋዋልና። በተለይም በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር ዙሪያ የወጣውን መጭመቅ አደገኛ ነው፤ የዚያ ቦታ ደም ሥሮች ወደ ራስ ቅል ውስጥ ይገናኛሉ። ብጉንጁ ትልቅ ከሆነ የሚያድነው በሐኪም እጅ መበጣቱ ነው። መግል ተዘግቶበት ሳለ የሚዋጥ መድኃኒት ብቻውን ብዙ አይረዳም።

የልጆቹ ቁስል ጥቂት ሲሆን ቅርፊቱን በሳሙናና በውኃ አለስልሶ አጥቦ ሐኪም ያዘዘውን ቅባት መቀባት ይበቃል፤ የተሠራጨ ሲሆን ግን የሚዋጥ መድኃኒት ይታዘዛል። የልጁን ጥፍር መቁረጥና ፎጣውን ለብቻ ማድረግም የሕክምናው ክፍል ነው። የተሠራጨው የእግር ምርቀዛ ሐኪም የሚያዝዘውን መድኃኒት የግድ ይፈልጋል፤ በሽተኛውም እግሩን ከፍ አድርጎ ያሳርፍ። በጣቶቹ መካከል ያለው ስንጥቅ ካልታከመ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ ልማዳችን እንመለስ። በየቤቱና በየተማሪው መኝታ ክፍል የምናየው አንድ ነገር አለ። የካፕሱል ሆድ ይከፈትና ዱቄቱ በቁስል ላይ ይነሰነሳል። የአገር ቤት ሰው የቡና ዱቄት ሲነሰንስ የምንስቅ እኛ፥ የእኛው ዱቄት ቀለም ስላለው ብቻ ሥልጣኔ ይመስለናል። ለመዋጥ የተሠራው ዱቄት ቁስሉን ያቆሽሻል፥ ሊያስቆጣውም ይችላል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ተሐዋሲው መድኃኒቱን እንዲለምደው ያደርጋል። ለጋሼ የሰጠናቸውም ቢሆን ከመጀመሪያው የማይረባ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ስታፊሎኮከስ ፔኒሲሊንንና አሞክሳሲሊንን የሚያፈርስ ነገር ራሱ ያበጃልና። ይህን የተረዳነው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

የዚህ መድኃኒት ታሪክ ከቆዳ ምርቀዛ ጋራ የተያያዘ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ፔኒሲሊንን ያገኘው፥ ስታፊሎኮከስ በተዘራበት ሳሕን ላይ የበቀለው ሻጋታ በዙሪያው ያለውን ተሐዋሲ ሲያጠፋ አይቶ ነው። በ1941 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር ደግሞ አልበርት አሌክሳንደር የተባለ የ43 ዓመት እንግሊዛዊ ፖሊስ ኦክስፎርድ ላይ በዚህ መድኃኒት ታከመ። ፊቱ መርቅዞ፥ መግሉ ተሠራጭቶ ለሞት ተቃርቦ ነበር። ፔኒሲሊኑን በተወጋ በማግሥቱ ይሻለው ጀመር። ነገር ግን በዓለም ላይ የነበረው መድኃኒት እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፥ ሐኪሞቹ ከሽንቱ ውስጥ ሳይቀር መልሰው እያወጡ ቢወጉትም በጥቂት ቀን ውስጥ አለቀ። ሕመሙ አገረሸበትና በማርች ወር ሞተ። ያ ሰው የሞተው መድኃኒቱ አልቆበት ነው። እኛ ግን መድኃኒቱ በእጃችን ሳለ በሦስተኛው ቀን ቀለለኝ ብለን እንተወዋለን፤ የተረፈውንም ለወዳጅ እናድላለን።

ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት በተቀበለ ጊዜ ባደረገው ንግግር፥ ሰው ሁሉ ከሱቅ እየገዛ ከሚበቃው በታች የወሰደው እንደ ሆነ ተሐዋስያኑ መድኃኒቱን ለምደው እንደሚቋቋሙት አስጠንቅቆ ነበር። እንደ ተናገረውም ሆነ። ፔኒሲሊንን ለሚያፈርሰው ስታፊሎኮከስ ተብሎ ሜቲሲሊን የተባለ አዲስ መድኃኒት በ1959 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1961 ዓ.ም. ይህንንም የሚቋቋም ዘር እዚያው እንግሊዝ አገር መገኘቱ ተገለጠ። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ መድኃኒትን በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ ሊቃውንቱ ገምተዋል። እነዚህ ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንዳንድ አንባቢ፤ «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሐኪም ቤት ወረፋው ረጅም፥ ደመወዛችንም አጭር ነው፤ መድኃኒት ቤቱ ግን ከደጃችን ነው» ይለን ይሆናል። እውነቱን ነው። ማዘዣ የሚያስፈልገውን መድኃኒት ያለ ማዘዣ መሸጥ ክልክል ቢሆንም፥ የሚጠይቅ ሰው እንደማያጣው እኛም እናውቃለን። የእኛም አሳብ ለእያንዳንዷ ብጉር ወረፋ ይያዝ አይደለም። እንዲያውም ነገሩን መለየት የቻለ ሰው ወረፋውንም ገንዘቡንም ይቆጥባል። ትንሽ ብጉንጅ በሙቅ ውኃና በሳሙና እቤት ይድናል፤ ለእርሱ መድኃኒት ቤት መሄድም አያስፈልግም። ነገር ግን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፤ እብጠቱ በሰዓት ውስጥ ሲሰፋ ከታየ፤ ሥቃዩ በዐይን ከሚታየው ቁስል በላይ ከሆነ፤ ቆዳው ከጠቆረ ወይም ውኃ ከቋጠረ፤ የዐይን ዙሪያ ካበጠ፤ በሽተኛው ጨቅላ ሕፃን ወይም የስኳር በሽተኛ ከሆነ፥ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። የታዘዘውንም ቀለለኝ ብሎ ሳያቋርጡ ሐኪሙ እስካለው ቀን ድረስ መውሰድ፥ ለሌላም አለማካፈል ነው።

ከሁሉ በላይ ይህን የምንጽፈው ለራሳችን ገላ ብቻ አስበን አይደለም። ከየቤታችን የተማርነው እኛ ነን ተብሎ የሚጠየቀው እኛን ነው። ለበዓል አገር ቤት ስንወርድ አክስት የልጇን ቁስል፥ አጎት የእግሩን እብጠት ይዘው ይጠብቁናል። የምንናገረውም እንደ ሐኪም ቃል ይታመናል። እንግዲህ በቦርሳችን ይዘን የምንሄደው የተረፈ መድኃኒት ሳይሆን ሳሙናና ጥፍር መቁረጫ ይሁን። የማናውቀውን ስንጠየቅም፤ «ይህ ከእኛ በላይ ነው፤ ተነሡ፥ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ» ለማለት አንፈር። ለጋሼ በዚያን ቀን ይህን አንድ ቃል ብንናገር ኖሮ ሳምንት ሙሉ ባልተሠቃዩም ነበር።

ጋሼ ዛሬ ደኅና ናቸው። ስኳራቸውን ይከታተላሉ፤ ማጅራታቸው ላይ ግን ከኮሌታቸው ከፍ ብሎ የሚታይ ጠባሳ ቀርቷል። በመሥሪያ ቤታችን አንድ ሰው ብጉር ወጣብኝ ሲል የሰሙ እንደ ሆነ፤ «ብቻ ለእነዚህ ልጆች አታሳይ» ብለው ይሥቃሉ። እኛም እንሥቃለን። መሳቢያችንን ግን ባዶ አድርገነዋል።